ሳሎኑን የከፈለው መስመር

ባለሜትሩ ሰውዬ መስመሩን ረግጦ ሲያልፍ ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። በእግሯ ላይ ቢቆምባት እንኳ እንዲያ አትደነግጥም ነበር። መቀሱ ከእጇ አምልጦ ወደቀ፤ በከንፈሮቿ መሀል የያዘቻቸው ስፒሎች ወጓት፤ እሷ ግን ዐይኗን ከሰውዬው ጫማ ላይ መንቀል አቃታት። አንዱ እግሩ በእሷ ወገን፣ ሌላው በአናጢው ወገን ነው። ሜትሩን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘርግቶ፣ ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ ረስቶት ኪሱን ይዳብሳል።

በዚያ ቤት ያንን መስመር ከአንዲት አሮጊትና ከዝንብ በቀር የተሻገረው ፍጡር አልነበረም። ድመት ነበረቻቸው፤ እሷም ነገሩ ቢታክታት ጊዜ ጠቅልላ ጎረቤት ገባች።

«ወደዚያ ማዶ በዚህ በኩል አይኬድም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ስፒሎቹን ከአፏ እያወጣች።

ሰውዬው የት ማዶ እንደሆነ ግራ ገብቶት ወለሉን አየ። መስመሩን ሲያይ የሕፃናት ጨዋታ መሰለው መሰል ፈገግ አለና መለካቱን ቀጠለ። ጥቁሩ ጫማው ላይ ሰማያዊ ጠመኔ ቀርቷል።

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊዋና አናጢው ባልና ሚስት በነበሩ ጊዜ ቤቱን አብረው ሠሩት። ለሲሚንቶው እሷ የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ አድራለች፤ ለጣሪያው እሱ የሰው ቁም ሳጥን ሲልግ ከርሟል። በቤቱ የባለቤትነት ወረቀት ላይ የሁለቱም ስም ጎን ለጎን ተጻፈ፤ በዚያን ጊዜ ጎን ለጎን መጻፍ ያስደስታቸው ነበር። ኋላ ተጣሉ። የተጣሉበትን ምክንያት ዛሬ ቢጠየቁ ሁለቱም በቅጡ አያስታውሱትም። በአንድ ቃል ተጀምሮ፣ ቃል ቃልን እየወለደ ሄዶ፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ጎረቤት የደረሰ ጠብ ነው። ትዳሩ ፈረሰ፤ ቤቱ ግን እንዳለ ቀረ። እሷ «እኔ አልወጣም» አለች፤ እሱ «እኔስ ምን በወጣኝ?» አለ። እልህ ምላጭ ያስውጣል እንዲሉ፣ ሁለቱም እዚያው ከረሙ።

አንድ ቀን ጠዋት አናጢው የሥራ ክሩን ሰማያዊ ጠመኔ አጠገበና ከሳሎኑ የፊት ግድግዳ እስከ ኋላው ግድግዳ ወጥሮ በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ጣውላ ሊሰነጥቅ ሲል የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ክሩ ወለሉን ጧ አድርጎ ሲመታው ቀጥ ያለ መስመር ቀረ። ከመስመሩ ግራ የእሷ ሆነ፣ ከመስመሩ ቀኝ የእሱ። ለእሷ ዋናው በር፣ ኩሽናውና አንዱ መኝታ ቤት ደረሳት። ለእሱ የጎኑ በር፣ ሌላው መኝታ ቤትና ትልቁ መስኮት ደረሰው። ለልብስ ሰፊ መስኮት ማለት ዐይን ማለት ነው፤ ቢሆንም «መስኮቱን ስጠኝ» ብላ ከምትለምነው በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርታ መስፋት መረጠች። ግቢውና ግቢው ውስጥ ያለው መታጠቢያ የጋራ ሆነ። እሱንም በድምፅ ይተላለፉበታል፤ እሱ ከገባ ያስላል፣ እሷ ከገባች ባልዲ ታንኳኳለች። ጎረቤት «አልሸሹም ዞር አሉ» እያለ ሳቀባቸው።

መስመሩ ሕግ ነበረው። እሱን ፈልጎ የመጣ በጎኑ በር፣ እሷን ፈልጎ የመጣ በዋናው በር። አንዱ የሌላውን እንግዳ አያስገባም፣ መልእክት አይቀበልም፣ «አለ» ወይም «የለም» እንኳ አይልም። «በዚያኛው በር» ብሎ መዝጋት ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሕግ አንድም ቀን አልሻረችም፤ በዚህ በኩል ማንም እንከን አያወጣላትም።

ሊከፈል ያልቻለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአናጢው እናት። እማማ የወለዱት አናጢውን ነው፣ ያረጁት ግን በልብስ ሰፊዋ እጅ ነው። ልብስ ሰፊዋ «እማማን ለማንም አልሰጥም» አለች፤ ልጃቸውም «እናቴን ማን ይወስድብኛል?» አለ። እሳቸው ራሳቸው ምን እንደሚሉ የጠየቃቸው የለም። በመጨረሻ አልጋቸው በሳሎኑ የኋላ ግድግዳ ሥር፣ መስመሩ ላይ አግድም ተዘረጋ፤ ግማሹ በልጃቸው ወገን፣ ግማሹ በምራታቸው ወገን። ከልጃቸው ጋር ሲኳረፉ ትራሳቸውን ወደ ምራታቸው ያዞሩታል፤ በምራታቸው ሲቀየሙ ወደ ልጃቸው። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠዋት ትራሱን ማየት ይበቃል።

ልብስ ሰፊዋን የሚያንገበግባት ግን መስመሩ ነበር። ጠመኔ ጠመኔ ነው፤ ወለል በተወለወለ ቁጥር ይደበዝዛል። አንድ ሁለት ቀን እንደዚያው ይቆይና አንድ ጠዋት ስትነሳ እንደገና ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ታገኘዋለች። «ዛሬም? አይታክተውም?» ትላለች በሆዷ። አንድ ጊዜ አናጢው በጉንፋን ተይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል ቢያድር አንጀቷ አልችል ብሎ ትኩስ ነገር አፈላች። ብርጭቆውን ይዛ ከኩሽና ስትወጣ መስመሩ አዲስ ተሰምሮ ጠበቃት። ያፈላችውን እዚያው ቆማ ራሷ ጠጣችው፤ ምላሷን አቃጠላት።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከእሱ ወገን ዕቃ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ጠረጴዛው፣ ቀጥሎ ወንበሮቹ፣ ከዚያ በገዛ እጁ የሠራው ባለመስታወት ቁም ሳጥን። ልብስ ሰፊዋ ነገሩን በአንድ መንገድ ብቻ ፈታችው። ሌላ ሴት አለች፤ ለሌላዋ ቤት እያደራጀላት ነው። ያን ሰሞን የሰፋችው ቀሚስ ሁሉ እየተጣመመ ደንበኞቿን አስኮረፈባት። በዚያ ላይ የልብስ መቁረጫ ጠመኔዎቿ ከመሳቢያ እየጠፉ አስቸገሯት። ሁሉም ነገር የተነሳባት መሰላት።

እንግዲህ ባለሜትሩ ሰውዬ የመጣው በዚህ መሀል ነው። በዋናው በር አንኳኳ፤ እሷም ቀሚስ ሊያስለካ የመጣ የደንበኛ ባል መስሏት ከፈተችለት፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ገብቶ ግድግዳውን መለካት ጀመረ። ለክቶ ሲያበቃ ሜትሩን ጠቀለለና መርዶ ነጋሪ እንደሚያደርገው መቀመጫ ጠየቀ። ፍርድ ቤት የሾመው ሰው መሆኑን ነገራት። የአናጢው ሥራ ከስሯል። አንድ ሥራ ተቋራጭ ለትልቅ ሕንፃ በሮቹን በሙሉ ሥራልኝ ብሎት፣ እሱም እንጨቱን በዱቤ አንስቶ፣ ሌት ተቀን ሠርቶ ጨረሰ። በሮቹ ሳይገጠሙ ተቋራጩ ሕንፃውን ጅምሩን ትቶ ጠፋ። በሮቹም ዕዳውም አናጢው እጅ ቀሩ። አሁን የእሱ የሆነው ሁሉ ተሰብስቦ እየተሸጠ ለአበዳሪዎቹ ይከፋፈላል፤ የሚሰበስበውም ይኸው ሰውዬ ነው።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ሌላ ሴት የለችም። ደስታው ግን አንድ ስፒል አንስቶ ለመሰካት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልቆየም።

«ታዲያ የእሱን ይለኩ እንጂ» አለች። «መስመሩን አይተውታል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእሱ ነው፤ ሸጠው ይውሰዱት። ከዚህ ወዲህ ያለው የእኔ ነው።»

«እህቴ፣ ሕግ ይህን መስመር አያውቀውም» አለ ሰውዬው። «ወረቀቱ ላይ ቤቱ የሁለታችሁ ነው። ግማሹ የእሱ ነው ሲባል ያኛው ወገን ማለት አይደለም። ከእያንዳንዱ ጡብ ግማሹ የእሱ ነው። ከዚህች ከቆሙባት ቦታም ግማሹ።»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ እግሮቿን አየች። ስንት ዓመት ሙሉ በእርግጠኝነት የቆመችበት ወለል ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ስንቴ ሰምታለች፤ ወረቀቱም ሞኙም እሷ ቤት መሆናቸውን ግን አልጠረጠረችም። ክር ወጥሮ ቤት የከፈለው እሱ ነው፣ አምናበት የኖረችው ግን እሷ ናት። ስማቸውን ለማስለየት ወረቀቱን ይዛ አንድ ቀን ቢሮ ብቅ አላለችም። አብራው ወረፋ መቀመጥ አስጠልቷት ነበር።

ሰውዬው ግማሽ ቤት የሚገዛ ስለሌለ ቤቱ በሙሉ እንደሚሸጥ፣ ከሽያጩ ግማሹ ለእሷ እንደሚደርሳት በዝግታ አስረዳት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አብሮ ባለቤት የሆነ ሰው ከሌላው ገዢ ሁሉ እንደሚቀድም፣ የአናጢውን ድርሻ በየወሩ ቀስ እያለች ከፍላ ቤቱን ልታስቀር ትችል እንደነበር፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ እንደሚያደርግ ነገራት።

«እችል ነበር?» አለች። የያዘችው «ነበር»ን ነው።

«ሦስት ጊዜ መጥቼ አንኳኳሁ እኮ» አለ ሰውዬው።

ያኔ ትዝ አላት።  በመጀመሪያው ቀን ክር በጥርሷ ይዛ ነበር የከፈተችለት፤ ስለ ማን እንደመጣ ጠየቀችው፣ «ስለ አናጢው ጉዳይ» አላት፣ «በጎኑ በር» ብላ ዘጋች። በሁለተኛው ቀን አፉን ሳይከፍት ዘጋችበት። በሦስተኛው ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እሷ ግን አልተነሳችም፤ ከተቀመጠችበት በመቀሷ ወደ ጎኑ በር አመለከተችው። እንዲያውም ያን ቀን ሕጓን በመጠበቋ ኩራት ተሰምቷት ነበር። ዛሬ ያስገባችው መልኩን በቅጡ አይታው ስለማታውቅ ነው።

«በጎኑ በር ሄጄ እሱን አገኘሁት» አለ ሰውዬው። «የእሱን ሰማ። የእርስዎን ግን መስማት የነበረብዎ ራስዎ ነዎት። ደጃፏ ድረስ ሦስት ጊዜ ተሂዶ አልሰማም ያለች፣ እንደሰማች ትቆጠራለች። ቀነ ገደቡ ባለፈው ሳምንት አለፈ።» ሜትሩን ኪሱ ከተተና ጨመረ፦ «አራተኛ ጊዜ እመጣ ነበር። መቀሱ ነው ያስፈራኝ።»

አልሳቀችም። እሱም ሊያስቃት ብሎ አልነበረም። ተሰናብቷት ሲወጣ በዋናው በር ወጣ ይሁን በጎኑ አላየችም።

ብቻዋን ቀረች። ስፌት መኪናዋን ተደግፋ ቆመች፤ መኪናው ቢነቃነቅ እሷም አብራ ትወድቅ ነበር። ቤቱ ሊሄድ ነው። እየሰፋች ጣሪያ ያደረሰችው፣ ለአንድ መስኮት ብላ እንኳ አንገቷን ያልደፋችለት ቤት በገዛ አፏ ሄደ። በገዛ መቀሷ ጠቁማ ሸኘችው። ይህን ስታስብ ማልቀስም አልመጣላት፤ ድንጋጤው እንባውን ቀድሞት ነበር።

ከዚያ ምን እንደነካት ሳታውቅ መስመሩን ተሻገረች። የአናጢውን መኝታ ቤት አላንኳኳችም፤ ገፋ አድርጋ ከፈተችው።

አልጋ የለም። ወንበር የለም። በአራቱም ግድግዳ ላይ የተደረደሩት በሮች ናቸው፤ ያልተቀቡ፣ ማጠፊያቸው እንኳ ያልተመታ አዳዲስ በሮች፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው እስከ ጣሪያው ደርሰዋል። ክፍሉ በሙሉ በር ሆኖ የሚከፈት ግን አንድም የለውም። መሀል ላይ ከመካከላቸው አንዱ በሁለት የእንጨት እግሮች ላይ ተጋድሞ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል። አናጢው እዚያ ላይ ተቀምጧል። በቅርብ ካየችው ዓመታት አልፈዋል፤ አንገቱ ከሸሚዙ አንገትጌ ውስጥ ቀጥኗል። የሰውን ልክ በዐይን መውሰድ ሥራዋ ነውና ያ ሸሚዝ ስንት ጣት እንደሰፋው ወዲያው ታያት። 

«በር ላይ ነው የምትተኛው?» አለችው። ልትለው የመጣችው ይህን አልነበረም።

«አልጋውን ወሰዱት» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

 አናጢው የብርድ ልብሱን ጫፍ አስተካከለ። «ልነግርሽ ነበር» አለ። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኑ ሳይዞር አደረ። ቤቱ እሷንም ይዞ ሊሄድ እንደሆነ ገብቶት ነበር። ሲነጋ ተነሳ፣ ታጠበ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለበሰ። ከዚያ በፊት ወለሉ ተወልውሎ መስመሩ የለም ሊባል ምንም አልቀረውም ነበርና፣ እሷም ነገሩን ትታዋለች ብሎ ልቡ ሞላ። በሩን ሲከፍት ግን መስመሩ እንደ አዲስ ደምቆ ተሰምሯል። «ሳልጠይቅሽ መለስሽልኝ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ራሷ ጠቆመች። «እኔ? የምታሰምረው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ከዚያች ከመጀመሪያዋ ቀን ወዲህ እዚህ ወለል ላይ ክር ወጥሬ አላውቅም።»

«እኔም መስመሩን ነክቼው አላውቅም።»

ተያዩ። ከስንት ዘመን በኋላ ፊት ለፊት ሲተያዩ ሁለቱም የሚያዩት የሌላውን ድንጋጤ ነበር። ከዚያ ምንም ሳይባባሉ እኩል ወደ ሳሎኑ ወጡ።

እማማ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ባለሜትሩ በነበረበት ሰዓት ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረው የተኙ መስለው ነበር፤ ለካ ሁሉንም ሰምተዋል። ቀኑ ያተኩሳል፣ እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብረዋል።

«እማዬ፣ እጅሽን አሳዪኝ» አለ አናጢው።

እጃቸውን ለማውጣት ጊዜ ፈጀባቸው። አሥሩም ጣቶቻቸው እስከ ጥፍራቸው ሥር ሰማያዊ ናቸው። ከትራሳቸው በታች የአናጢው ያረጀ ክር ተጠቅልሎ ተገኘ፤ አጠገቡ የልብስ ሰፊዋ ጠመኔዎች፣ ከመሳቢያዋ እየጠፉ ያስቸገሯት፣ እያለቁ ጥፍር አክለዋል። በእሱ ክር፣ በእሷ ጠመኔ። የክሩን አንዱን ጫፍ ከአልጋው እግር አስረው፣ ሌላውን ይዘው እስከ ፊተኛው ግድግዳ እየዳሁ ሄደው ነው የሚያሰምሩት። ያን ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ጉልበታቸው።

«ለምን?» አለች ልብስ ሰፊዋ። 

«ስትነጋገሩ ነው የተለያያችሁት፣ ልጄ» አሉ እማማ። «ዝም ስትሉ ነው የቆያችሁት። እሱ ይህን መስመር እስኪያሰምር ድረስ ‹ማነው የሚወጣው› ነበር ጠዋት ማታ ወሬያችሁ። ካሰመረ በኋላ ማንም አልወጣም። መስመሩ ሲደበዝዝ ሁለታችሁም ትኩር ብላችሁ ታዩታላችሁ። አሁን ሊነጋገሩ ነው፣ ሊጣሉ ነው፣ አንዱ ሊሄድብኝ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ያኔ እነሳለሁ። ዕቃው ሲወጣ ልጄን ጠየቅሁት፤ ‹አዲስ ልሠራ ነው› አለኝ፣ አመንኩት። ቤቱን ያቆየሁላችሁ መስሎኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ መቆጣት ፈለገች።  ነገር ግን በማን ላይ ትቆጣ? አሮጊቷ ያሰመሩት በጠመኔ ነው። ግንብ አልገነቡም፣ በር አልቆለፉም። እርጥብ ጨርቅ የሚያጠፋው ጠመኔ ነበር፤ ጨርቁም በእሷ እጅ ነበር። ቁጣው ተመልሶ በራሷ ላይ ወረደ፣ እዚያም ብዙ ቦታ አገኘ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የእማማን ሰማያዊ ጣቶች በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግ ጀመር። አናጢው እንደ ቆመ ቀረ። 

በማግስቱ ሁለቱ አብረው ወደ ባለሜትሩ ቢሮ ሄዱ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ያየ ጎረቤት ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ አፉን ያዘ፤ አንዷ እንዲያውም ታረቁ ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰውዬው በጨዋ ደንብ ሰማቸው፣ ወደ ዳኛው ይዟቸው ገባ፣ እንዲያውም ስለ ሦስቱ ማንኳኳት ከእሷ ይልቅ እሱ ተሟገተላት። ዳኛውም ነገሩን ገልብጠው አይተው ጊዜው አልፏል አሉ። በአንድ ቤት ውስጥ እየኖረች አልሰማሁም የምትል ሰው ሲገጥማቸው የመጀመሪያቸው እንደሆነ ተናገሩ። ልብስ ሰፊዋ ከጠቅላላው ፍርድ ይልቅ በዚህ አፈረች።

ቤቱን የገዛው አንድ የጥርስ ሐኪም ነው። ሳሎኑን የበሽተኞች መቆያ ሊያደርገው ነው። ከሽያጩ የደረሳት ብር ሌላ ቤት ለመግዛት አልበቃም፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ለስፌትም ለመኝታም የምትሆን አንዲት ክፍል ተከራየች። አናጢው በሌላ አናጢ ቤት በቀን ሠራተኛነት ተቀጠረ፤ እዚያው ከሰው ጣውላ ጋር ያድራል። የእማማ አልጋ የት ይሂድ የሚለውን ማንም አላነሳውም። አልጋው ወደ ልብስ ሰፊዋ እንደሚሄድ ሦስቱም ያውቁ ነበርና፣ ትራሱም እማማ እጃቸውን ካሳዩበት ቀን ጀምሮ ወደ እሷ ወገን ዞሮ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ዕቃው በሙሉ ግቢው ውስጥ ወጣ። እማማ አልጋቸው ላይ፣ አልጋቸው ግቢው መሀል፣ ጋሪ ይጠብቃሉ። ልብስ ሰፊዋ ቤቱን አጽድታ ማስረከብ አለባትና ባልዲና ጨርቅ ይዛ ገባች። ግራውንና ቀኙን ወለወለች፤ የእሱን ወገን ስትወለውል የመጀመሪያዋ ነው። በትልቁ መስኮት የሚገባው ብርሃን እጇ ላይ ወደቀና ቆም አለች። በዚያ ብርሃን መርፌ ላይ ክር ከማስገባት የሚከለክለው ዐይን መጨፈን ብቻ ነበር። ስንት ቀሚስ በጨለማ እንደሰፋች አሰበችና ልቧ አዘነ።

መስመሩ ግን አልለቅ አለ። በላዩ ያለው ሰማያዊ በአንድ ጊዜ ታጠበ፤ ከሥሩ ሌላ ነበር። ሰው አይቶት ይጠፋል የሚለው ጠመኔ ከዓመት ዓመት ሲደራረብ ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ተንበርክካ በሳሙናና በብሩሽ ፈተገችው። ቀለሙ ሳሳ እንጂ አልጠፋም። ይህን ጊዜ አናጢው የብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ መጣና ከመስመሩ ወዲያ ተንበርክኮ መፈተግ ጀመረ። አብረው አንድ ሥራ ሲሠሩ ቤቱን ከጨረሱ ወዲህ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ እሱም ለሌላ ሰው ለማስረከብ። ብሩሹና ወረቀቱ ብቻ ይሰማሉ። ላባቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«የተከራየሽው ቤት በሩ ወዴት በኩል ነው?» አለ አናጢው፣ ቀና ሳይል። «እማዬን ለማየት ስመጣ በየትኛው እንደምገባ እንዳውቅ ብዬ ነው።»

«አንድ በር ነው ያለው» አለች።

አናጢው ወረቀቱን እንደያዘ እጁ ጥቂት ቆመ። ከዚያ መፈተጉን ቀጠለ። እሷም ዐይኗን ከመስመሩ አላነሳችም፤ እንባዋ እንዳይታይ ነው፣ ታየባት።

በዚህ መሀል ዋናው በር ተንኳኳ። ክፍት ነበር፤ ሆኖም ባለሜትሩ ሰውዬ ከዚህ በፊት የደረሰበትን ስለማይረሳ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ቁልፎቹን ሊረከብ መጥቷል። መቀስ እንዳልያዘች እጇን አየና «በየትኛው በር ልግባ?» አላት።

ልብስ ሰፊዋ አፏ ላይ የመጣው የለመደችው ቃል ነበር። ዋጠችው።

«በፈለጉት ይግቡ» አለች። «ሁለቱም የእኛ አይደሉም።»

ሰውዬው አመስግኖ ገባ። ሲገባም እርጥቡን መስመር በጫማው ረገጠው፤ ልብስ ሰፊዋና አናጢው ከልማድ የተነሳ እኩል ደነገጡ።